ፖላንድ ከደጅና ከጓዳ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ መካከለኛው አውሮፓ፣ ወደ ፖላንድ ይወስደናል። ዋርሶ ውስጥ ኑሮ ከመሠረትኩ ወዲህ አገር ቤት በደወልኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡልኛል፤ «ብርዱ እንዴት ነው?» እና «ሰዉስ እንዴት ነው?» የብርዱ መልስ ቀላል ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ወፍራም ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ግዙ፣ አለቀ። የሰዉ ነገር ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ዛሬ ጊዜ ወስጄ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። በመንገዴ የምጠራቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ፖላንዳዊ ደጅ ላይ አንድ ሰው ነው፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ደጅ ላይ ዝምተኛ፣ ተጠራጣሪ፣ ሥርዓት አጥባቂ ነው። ጓዳው ከገባችሁ በኋላ ግን እንዳትራቡ፣ እንዳይበርዳችሁ፣ ብቻችሁን በዓል እንዳታሳልፉ የሚጨነቅ ዘመድ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ደፍ ከፍ ያለ ነው። ለምን ከፍ እንዳለ የታሪክ ምክንያት አለው፤ ማንን እንደሚያስገባና ማንን ከውጭ እንደሚያስቀር ደግሞ በቅርብ ዓመታት በዓይናችን አይተናል።

ከደጁ እንጀምር። ትራም ውስጥ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ዝምታ ነው። አንዱ መጽሐፍ ያነባል፣ ሌላው ስልኩን ያያል፤ ከጎኑ ከተቀመጠ ሰው ጋር ወሬ የሚጀምር የለም። በከንቱ ፈገግ የሚልም የለም። አዲስ የመጣ ሐበሻ ይህን ያይና «ጠሉኝ» ይላል። እርስ በርሳቸውም እንደዚያው መሆናቸውን ለመረዳት ጥቂት ወራት ይፈጅበታል። ያው ፊቱን ያጠቆረ ወጣት አንዲት አሮጊት ስትሳፈር ካየ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ቦታውን ይለቃል።

ሰላምታ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሊፍት ውስጥ ሰው ካለ፣ ትንሽ ሱቅ ስትገቡ፣ የሐኪም ተራ በሚጠበቅበት ክፍል በር ላይ «ጄን ዶብሪ» ይባላል፤ ደህና ዋላችሁ እንደማለት ነው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰላምታውን ተከትሎ «የመጨረሻው ማነው?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ «እኔ ነኝ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ተራችሁ ከእርሱ ቀጥሎ መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ቁጥር የሚያድል ሠራተኛ አያስፈልግም። ሰላም ሳይል ገብቶ የተቀመጠ ሰው ባለጌ ነው። ስለዚህ ማንም አያናግረኝም ብሎ የሚያዝን እንግዳ፣ ቀድሞ ሰላም ያላለው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

አንቱታም አላቸው። ወንዱን «ፓን»፣ ሴቲቱን «ፓኒ» ብለው ይጠራሉ፤ ይህን ለመልመድ እኛ ከእንግሊዞች ይልቅ ቅርብ ነን። ልዩነቱ አንቱታው ዕድሜን ብቻ ተከትሎ የማይሄድ መሆኑ ነው። የስድሳ ዓመቷ ባለሱቅ የሃያ ዓመቱን ተማሪ አንቱ ትለዋለች፣ ምክንያቱም አታውቀውም። ወደ አንተታ ለመሻገር ግብዣ ያስፈልጋል፤ ጋባዡም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጠው ወይም ሴቲቱ ናት።

አሁን ወደሚያስቀኝ ነገር ልምጣ። እኛ ወገባችን ተቆርጦም ቢሆን «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳችን። ፖላንዳዊውን ጎረቤታችሁን ይህን ከጠየቃችሁት ይነግራችኋል። ጉልበቱን፣ የባቡሩን መዘግየት፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ለማየት ስንት ወር እንደተቀጠረ፣ መንግሥት ምን እንዳጠፋ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ማማረር እዚህ የመቀራረቢያ መንገድ ነው። «ሁሉ ጥሩ ነው» የሚል ሰው አንድም ሞኝ ነው፣ አንድም የሚደብቀው ነገር አለ። እኔም ስለ ዝናቡና ስለ ቤት ኪራዩ ማማረር ከለመድኩ በኋላ የጎረቤቶቼ ፊት ፈካ።

ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙስ? ወጣቶቹ ስለ ቡናችንና ስለ ሯጮቻችን ያነሣሉ። ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ ወዲያው የአንድ መጽሐፍ ስም ይጠራሉ፤ ጋዜጠኛው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አወዳደቅ በ1978 ያሳተመውን «ንጉሠ ነገሥቱ»። በጊዜው ኮሚኒስት መንግሥታቸውን በግልጽ መተቸት አይችሉም ነበርና ብዙ አንባቢ ስለ አዲስ አበባ እያነበበ በልቡ የዋርሶን ሹማምንት ያይ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያሉ ብዙ ዝርዝሮች እውነትነታቸው አጠያያቂ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ቢሆንም አንድ ትውልድ አገራችንን ያወቀው በዚያ በኩል ነው። ወሬውን ስናስተካክል አንድ ምሽት ያልፋል።

አድማጮቼ፣ ደፉ ለምን ከፍ አለ ወዳልኩት ልመለስ። በ1795 ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ ፖላንድን ተከፋፍለው ጨረሷት፤ እስከ 1918 ድረስ፣ ለ123 ዓመታት፣ ፖላንድ የሚባል ነፃ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። በሩሲያና በፕሩሺያ በተያዘው ክፍል ልጆች በትምህርት ቤት በገዛ ቋንቋቸው እንዳይማሩ ተደረገ። ታዲያ ፖላንድኛው የት ተረፈ? ቤት ውስጥ። እናትና አያት ታሪኩን፣ ጸሎቱን፣ ፊደሉን በጓዳ አስተማሩ። ዋርሶ ውስጥ ፖሊስ እንዳይደርስበት ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ የሚያስተምር ኅቡዕ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በሩሲያ ሥር የነበረው ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና አንዲት ማሪያ ስክዎዶፍስካ የምትባል ልጃገረድ በዚህ ኅቡዕ ትምህርት ቤት ተምራ ወደ ፓሪስ ሄደች። ዓለም ማሪ ኩሪ ብሎ የሚያውቃት እሷን ነው። በ1898 ከባለቤቷ ጋር ያገኘችውን ንጥረ ነገር ፖሎኒየም ብላ ስትሰይም፣ የሰየመችው በካርታ ላይ በሌለች አገር ስም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ከአገሪቱ 3.3 ሚሊዮን ገደማ አይሁዳውያን ዜጎች 3 ሚሊዮን ያህሉን ፈጁ። ነሐሴ 1 ቀን 1944 ዋርሶ በጀርመኖች ላይ ተነሣች፤ ውጊያው 63 ቀን ቆየ፤ የሞቱት ሲቪሎች ከ150 እስከ 200 ሺህ ይገመታሉ። ከዚያም ጀርመኖች ከተማዋን ሰፈር በሰፈር አቃጠሏት፣ አፈነዷት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ከከተማዋ 85 በመቶ ያህሉ ፈርሶ ነበር። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት አሮጌው ከተማ ከጦርነቱ በኋላ ከፍርስራሽ እንደገና የታነጸ ነው፤ ግንበኞቹ ቤሎቶ የተባለው ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸውን ሥዕሎች ሳይቀር እንደ ፕላን ተጠቅመዋል። በየዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳይረን ይጮኻል። መኪናው ይቆማል፣ እግረኛው ባለበት ይደርቃል፣ አንድ ደቂቃ። የማያውቅ እንግዳ ይደነግጣል፤ እናንተ ካጋጠማችሁ አብራችሁ ቁሙ።

ከጦርነቱ በኋላ የኮሚኒስት ዘመን መጣ። ሱቁ ባዶ፣ ሰልፉ ረጅም፤ ሥጋም ሆነ ቤት የሚገኘው በሚያውቁት ሰው በኩል ነበር። በ1980 ግዳንስክ በሚገኘው የመርከብ ፋብሪካ በሌህ ቫዌንሳ መሪነት የተነሣው የሠራተኞች ማኅበር «ሶሊዳርኖሽች»፣ በእኛ አጠራር «ሶሊዳሪቲ»፣ 10 ሚሊዮን ያህል አባል አፈራ፤ በ1981 ወታደራዊ አዋጅ ታወጀበት፤ በ1989 በከፊል ነፃ በሆነው ምርጫ አሸነፈ። ሰዎቹ ከዚህ ሁሉ የተረፋቸው ልማድ ይህ ነው፤ መንግሥትን ተጠራጠር፣ እንግዳን አጥና፣ ቤተሰብህንና ወዳጅህን አጥብቀህ ያዝ።

አሁን ጓዳው። ፖላንዳዊ ቤቱ ከጠራችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ አትቅሩ። አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ጥንድ አበባ ለቀብር ነው። በደፉ ላይ ሆናችሁ እጅ አትዘርጉ፤ ገድ የለውም ይላሉ፣ ስለዚህ ወይ ግቡ ወይ እሱ ይውጣ። ጫማ ይወልቃል፤ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነጠላ ጫማ ይቀርብላችኋል። ከዚያ ምግቡ ይጀምራል። አያቲቱ፣ «ባብቻ» ናት የምትባለው፣ ሳህናችሁ ባዶ ከሆነ እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። ጠግቤአለሁ ማለት አይሠራም። እኛ በጉርሻና በ«ብሉልኝ» ያደግን ሰዎች ሙያውን እናውቀዋለንና ባብቻ ፊት አናፍርም።

ከሁሉም በላይ ግን የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 24። «ቪጊሊያ» ይሉታል። ኦርቶዶክስ አድማጮቼ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ማዕዱ የጾም ነው፣ ሥጋ አይነካም። ዓሣ ግን ይበላል፣ በተለይ ካርፕ የሚባለው። በኮሚኒስቱ ዘመን ካርፑን በሕይወቱ ገዝቶ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ማቆየት የተለመደ ነበር፤ ልጆች ስም አውጥተውለት በመታረጃው ቀን ያለቅሱ እንደነበር ትልልቆቹ እየሳቁ ይነግሯችኋል። የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትታይ አይበላም። ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ክርስቶስ የተወለደበት በረት ማስታወሻ የሆነ ጥቂት ድርቆሽ ይደረጋል። ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳ «ኦፕዋቴክ» የሚባል ኅብስት እያንዳንዱ ይይዛል፤ እየዞሩ አንዱ የሌላውን ይቆርሳል፣ መልካም ምኞቱን ይናገራል፣ የተቀያየመም ይታረቃል። ደንበኛው ማዕድ 12 ዓይነት ምግብ አለው፤ ቀይ ሥር ሾርባ፣ በእንጉዳይና በጎመን የተሞላ ሊጥ «ፒዬሮጊ»፣ የደረቀ ፍሬ ኮምፖት። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ሳህን ባዶውን ይቀመጣል፤ ያልታሰበ እንግዳ ቢያንኳኳ የሚበላበት ነው።

ሃይማኖቱ ራሱ እየተለወጠ ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 88 በመቶ ያህሉ ካቶሊክ ነን ብለው ነበር፤ በ2021 ወደ 71 በመቶ ወርዷል። ወጣቶች በተለይ ከቤተ ክርስቲያን እየራቁ ነው። ቪጊሊያን የተወ ወጣት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከ2025 ጀምሮ ዕለቱ በሕግ ሥራ የማይገባበት በዓል ሆኗል።

ኅዳር 1 ቀንም ሳላነሣው አላልፍም። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ወደ መቃብር ይሄዳል። ከተሞች ተጨማሪ አውቶቡስ ይመድባሉ። ሰው የአያቱን መቃብር ጠርጎ፣ አደይ አበባ መሳዩን ክሪሳንተመም አስቀምጦ፣ በብርጭቆ ውስጥ የሚነድ ሻማ ያበራል። ዘመድ የሌለው መቃብር ካለም አንዱ አላፊ ሻማ ያደርግለታል። ማታ ዋርሶ ፖቮንስኪ መቃብር ብትገቡ መሬቱ በሙሉ ብርሃን ነው። ተዝካር ለምናወጣ ሰዎች ይህ ሕዝብ ሙታኑን እንዴት እንደሚይዝ ማየት ያጽናናል።

እስካሁን ያልኩት ደስ ይላል። ግን ያ ባዶ ሳህን ለማን ነው? የሚከብደው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው።

በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ፖላንድ ገባ። ሰዉ መንግሥትን አልጠበቀም። በሜዲካ ድንበር፣ በፕሼሚሽል ባቡር ጣቢያ ሾርባ ይዞ፣ የልጅ ጋሪ ይዞ፣ መኪናውን አስነሥቶ ጠበቃቸው። ብዙዎቹ ስደተኞች ያደሩት በድንኳን ካምፕ ሳይሆን በሰው ሳሎን ነው። መንግሥት ለሚያሳድር ቤተሰብ በሰው በቀን 40 ዝሎቲ መክፈል የጀመረው ሕዝቡ ቀድሞ በሩን ከከፈተ በኋላ ነው። ይህን ያህል ቸርነት በዘመናችን አውሮፓ ውስጥ አላየሁም።

በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ድንበር ላይ፣ ከዩክሬን ዩኒቨርሲቲዎች የሸሹ አፍሪካውያን ተማሪዎች በቆዳ ቀለማቸው ወደ ኋላ እየተገፉ መሆኑ ተሰማ፤ የአፍሪካ ኅብረት የካቲት 28 ቀን በመግለጫ አወገዘው። ከዚያ በፊት በ2021 የቤላሩስ መንግሥት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞችን ወደ ፖላንድ ድንበር ሲገፋ፣ ፖላንድ ወደ ኋላ ትመልሳቸው ነበር፤ ቢያዎቬዣ በሚባለው ጥንታዊ ደን ውስጥ ሰዎች በብርድ ሞቱ። በ2022 በ186 ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የብረት አጥር ቆመ። በ2025 በዚያ ድንበር ጥገኝነት መጠየቅ በሕግ ታገደ። ቤላሩስ ስደተኛውን እንደ መሣሪያ ተጠቅማበታለች የሚለው የፖላንድ ክርክር እውነት አለው። ደን ውስጥ የቀረው ሰው ግን መሣሪያ አይደለም። ይህን ከፖላንዳውያን ወዳጆቼ ጋር ተከራክሬበታለሁ፤ አንዳንዶቹ አልተስማሙልኝም። በድንበሩ መንደሮች ግን ለተቸገረ ሰው እርዳታ እንዳለ ለማመልከት በመስኮታቸው አረንጓዴ መብራት ያበሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

ስለ ዘረኝነት በቀጥታ ለምትጠይቁኝ፤ አለ። በየቀኑ አይደለም። በትልቅ ከተማ ኑሮዬ ሰላም ነው፤ በትንሽ ከተማ ያፈጣሉ፤ የሰከረ ሰው ማታ ትራም ላይ ሲሰድብ ሰምቻለሁ። የኔ ትዝብት፣ የሚሰድበው ጥቂት ነው፣ ዝም ብሎ መስኮት የሚያየው ግን ብዙ ነው።

የሚያሳዝነው ይህ ሕዝብ ራሱ የስደት ሕዝብ መሆኑ ነው። በ2002 አካባቢ ሥራ አጥነቱ 20 በመቶ ይደርስ ነበር። በግንቦት 2004 አውሮፓ ኅብረት ሲገቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለንደንና ደብሊን ሄደው ሳህን አጥበዋል፣ ግንብ ገንብተዋል። ዛሬ ዋርሶ ላይ ምግብ በብስክሌት የሚያደርሰው ሌላ ነው፤ ሕንዱ፣ ዚምባብዌው፣ ዩክሬናዊው። ለንደን የሠራ ፖላንዳዊ ጎረቤት የእኔን ኑሮ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ወረቀቱ እንለፍ። በስልክ ያለው ኑሮ ያስቀናል፤ ከ2015 ጀምሮ በሚሠራው «ብሊክ» ስድስት አኃዝ አስገብታችሁ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃ በየመንገዱ ከቆመ ሣጥን ሌሊትም ቢሆን ትወስዳላችሁ። የውጭ ዜጎችን የሚያስተናግደው መሥሪያ ቤት ስትገቡ ግን ማኅተምና ፎቶ ኮፒ ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ «ፔሴል» የሚባለውን 11 አኃዝ ያለው የመታወቂያ ቁጥር አውጡ፤ ያለ እሱ ብዙ ነገር አይሄድም። የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ አገር ውስጥ መቆየታችሁ ሕጋዊ ነው፣ ወደ ሌላ አውሮፓ አገር ግን በዚያ ማመልከቻ ብቻ መሻገር አይቻልም። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ሄዶ መመለሻ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ቤት መከራየት ላይ ደግሞ ብዙ አከራዮች የሚፈልጉት አንድ የውል ዓይነት አለ፤ ውሉ ሲያበቃ የምትሄድበትን ሌላ አድራሻ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር አምጣ ይላል። ፖላንዳዊው የእናቱን ቤት ይጽፋል። ትናንት ከቦሌ የተነሣ ተማሪ የማንን ይጽፋል? ሕጉ የተጻፈው ዘመድ ላለው ሰው ነው። በተመሳሳይ አብዛኛውን እሑድ ትልልቅ ሱቆች ዝግ ናቸው፤ የሶሊዳርኖሽች ማኅበር አቅርቦት፣ ቤተ ክርስቲያን ደግፋው ከ2018 ጀምሮ የወጣ ሕግ ነው፣ ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር እንዲውል። አንዳንድ ሱቆች «እኛ ፖስታ ቤት ነን» ብለው ተመዝግበው ሲከፍቱ ከርመው በ2022 ሕጉ ጠበቀባቸው። ቅዳሜ ገበያ መሄድ የረሳ ብቸኛ ተማሪ እሑድን በሩዝ ያሳልፋል።

ሥራ ለምትፈልጉ አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። በብዛት የሚያጋጥማችሁ ሁለት ዓይነት ውል ነው። አንደኛው ሙሉ የሥራ ውል ነው፤ በዓመት 20 ወይም 26 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት ያስገኛል። ሁለተኛው የአገልግሎት ውል ነው፤ ዕረፍት በሕግ የለውም። ዕድሜው ከ26 በታች ለሆነ ተማሪ በዚህ ሁለተኛው ውል የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አይከፈልም፤ አሠሪ የሚወድደውም ለዚህ ነው። በ2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከታክስ በፊት 4,666 ዝሎቲ ነበር። ዋርሶ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቤት ኪራይ ከዚያ እጅ ከሚገባው ከግማሽ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንኖረው ክፍል ተጋርተን ነው።

ለትምህርት ለሚያስቡ የፖላንድ መንግሥት ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የሚሰጠው የሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ አለ፤ ኢትዮጵያውያንም ያመለክቱበታል። የተሰየመው በኢግናሲ ዉካሼቪች ነው፤ በ1853 የላምባ መብራትን የፈጠረው ፋርማሲስት። በፋኖስ ያጠና ሰው ሁሉ የእሱ ባለ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለ«ቪዛ አስጨራሽ» ደላላ ገንዘብ አትስጡ። በ2023 ቪዛ በገንዘብ ይሰጥ ነበር የሚል ትልቅ ቅሌት በአገሪቱ ከተነሣ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል፤ የሐሰት ወረቀት ይዞ የተገኘ የሚጎዳው ራሱን ነው። ኤምባሲውንና ዩኒቨርሲቲውን በቀጥታ ጠይቁ። አሠሪ ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርግና በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲያቀርብላችሁ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ፓስፖርታችሁንም ለማንም አታስይዙ። የተበደለ ሠራተኛ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በነፃ ማመልከት ይችላል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ቋንቋውንም ከመምጣታችሁ በፊት ጀምሩ፤ ከባድ ነው፣ ግን ሃያ ቃል የሚያውቅና ምንም የማያውቅ ሰው እዚህ አገር እኩል አይስተናገዱም።